ድምፅ ወደ ኋለኛው ረድፍ፦ የትምህርት አዳራሽ ማይክሮፎን አመጣጥ

ኤሌክትሪክ ወደ ትምህርት አዳራሽ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ መምህር በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ማስተማር እንደሚችል የሚወስኑት የገዛ ጉሮሮውና የሚያስተምርበት ቤት ግድግዳና ጣሪያ ነበሩ። ድምፅ በገላጣ ስፍራ ሲጓዝ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዴሲቤል የድምፅን ጉልበት ለመስፈር የሚያገለግል መለኪያ ሲሆን፣ ከተናጋሪው 1 ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል የሚለካው የተለመደ አነጋገር በዚህ ስሌት 16 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 36 ዴሲቤል ወርዶ ከሹክሹክታ የማይሻል ይሆናል። የጥንት ግሪኮች ቴያትሮቻቸውን በኮረብታ ተዳፋት ላይ በግማሽ ክብ ቅርጽ መሥራታቸው፣ በለንደን ማይክል ፋራዴይ ያስተምርበት የነበረው የሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽም መቀመጫዎቹን ቁልቁል ወደ መምህሩ ጠረጴዛ የሚያዩ አድርጎ መደርደሩ፣ ብዙ አድማጭን በተቻለ መጠን ወደ አንድ አፍ ለማቅረብ የተደረገ ጥረት ነበር።

ይህን ልማዳዊ ጥበብ በፈተና ለማረጋገጥ ቀድመው ከተነሡት ሰዎች አንዱ፣ በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ተቋም የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሄንሪ በ1850ዎቹ አጋማሽ ለተቋሙ ትልቅ የንግግር አዳራሽ ሲያሠራ ከግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ እያጨበጨበ ወደ ግድግዳው በመጠጋት፣ የገደል ማሚቶው ከጭብጨባው ጋር ተዋሕዶ አንድ ድምፅ የሚሆንበትን ርቀት ፈለገ። ይህም በ10 ሜትር አካባቢ ሆኖ ስላገኘው፣ ከግድግዳ ተመልሶ ከሴኮንድ አንድ ሃያኛ ገደማ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ጆሮ የሚደርስ ድምፅ የተናጋሪውን ቃል እንደሚያጠነክር፣ ከዚያ ዘግይቶ የሚመጣው ግን እንደሚያደናግር በ1856 ባቀረበው ጥናት ገለጸ። አዳራሹ በጥር 1865 በተነሣው የእሳት ቃጠሎ ቢወድምም፣ ጠቃሚውን የድምፅ ምላሽ ከጎጂው የሚለየው የጊዜ ልዩነት ነው የሚለው ግኝት ከአዳራሹ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል።

ከ30 ዓመታት በኋላ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፎግ የተባለውን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሲከፍት፣ በውስጡ የተሠራው የትምህርት አዳራሽ ለዓይን ያማረ፣ ለጆሮ ግን ፈጽሞ የማይመች ሆኖ ተገኘ። በ1895 አዳራሹ ሥራ እንደጀመረ መምህራን የሚናገሩት እንደማይሰማ አቤት ስላሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት ችግሩን እንዲፈታ ያዘዘው ዋላስ ክሌመንት ሳቢን የተባለ፣ ዕድሜው ገና 27 ዓመት የሆነውን ረዳት የፊዚክስ መምህር ነበር። ሳቢን ባዶውን አዳራሽ ሲለካ በተለመደ ድምፅ የተነገረ አንድ ቃል ከአምስት ሴኮንድ ተኩል ላላነሰ ጊዜ ሲያስተጋባ እንደሚቆይ፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ ተናጋሪው ከ12 እስከ 15 የሚደርሱ ቀጣይ ቀለማትን ሊናገር እንደሚችል ተረዳ። እንዲህ ያለው ማስተጋባት ከገደል ማሚቶ ይለያል፤ የገደል ማሚቶ ቃሉን ለይቶ አንድ ጊዜ ሲመልስ፣ ማስተጋባት ግን ድምፁ በግድግዳ፣ በጣሪያና በወለል መካከል እየተላጋ ቀስ በቀስ እስኪጠፋ የሚተወው የተደባለቀ ቅሪት ነው።

ሳቢን የሠራበት መንገድ ትዕግሥትን የጠየቀ ነበር። የከተማው ትራምና የተማሪው ግርግር ጸጥ በሚልበት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባለው ጊዜ ከረዳቶቹ ጋር ወደ አዳራሹ ይገባና፣ በሴኮንድ 512 ጊዜ የሚርገበገብ የኦርጋን ቧንቧ እያስነፋ ድምፁ ከቆመበት ቅጽበት አንሥቶ ጆሮው መስማት እስከሚያቆምበት ድረስ ያለውን ጊዜ ይመዘግብ ነበር። በአቅራቢያው ካለውና በተሰሚነቱ ከሚመሰገነው የሳንደርስ ቴያትር ትራሶችን ተውሶ በየመቀመጫው፣ ከዚያም በመተላለፊያው፣ በመድረኩና በኋለኛው ግድግዳ ላይ እየጨመረ ሲለካ፣ የማስተጋባቱ ጊዜ ደረጃ በደረጃ እያጠረ ከ1 ሴኮንድ ብዙም ወደማይርቅ መጠን ወረደ፤ ትራሶቹ ደግሞ ጧት ወደ ቦታቸው መመለስ ነበረባቸው። ጥንቃቄው እስከ ገዛ ልብሱ የደረሰ ነበር፤ የለበሰው ልብስ ድምፅ እንደሚመጥና ልኬቱን እንደሚያዛባ በተገነዘበ ጊዜ የደከመበትን የቀደመ ሥራ ጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ መለካት ጀመረ።

በ1898 መጸው ከቁጥሮቹ ክምር ውስጥ አንድ ቀላል ሕግ ወጣለት። የማስተጋባት ጊዜ ከአዳራሹ የአየር ይዘት ጋር አብሮ ያድጋል፤ በውስጡ ካሉት ነገሮች ድምፅ የመምጠጥ ዐቅም ጋር ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሳል። የመምጠጥን መለኪያም ከተከፈተ መስኮት ወሰደ፤ በአንድ ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት የወጣ ድምፅ ተመልሶ ስለማይመጣ፣ ሌላው ነገር ሁሉ፣ ምንጣፉም፣ ሰውም፣ ልስኑም፣ ከእሱ ጋር እየተነጻጸረ ተሰፈረ። የፎግ አዳራሽ ግድግዳ ከፀጉር የተሠራ ወፍራም ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ለማስተማር የሚያገለግል ሆነ፤ ሕጉም በጥቅምት 1900 የተመረቀውን የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ለመንደፍ ዋለ።

ይህ ታሪክ ስለ ማይክሮፎን ከመናገር በፊት በስፋት ሊነገር የሚገባው፣ የፎግ አዳራሽ የጎደለው ጉልህ ድምፅ ስላልነበረ ነው። በዚያ ቤት ድምፅ ተትረፍርፎ ነበር፤ የጠፋው የቃላት ልዩነት ነው። በንግግር ውስጥ አናባቢዎች ጉልበት ሲኖራቸው፣ ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን አጫጭርና ደካማ ስለሆኑ፣ የቀደመው አናባቢ ቅሪት ተከትሎ የሚመጣውን ተነባቢ ይሸፍነዋል። በአማርኛም «ቀሰቀሰ» እና «ከሰከሰ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጽበታዊ የተነባቢ ባሕርይ ብቻ ስለሆነ፣ በሚያስተጋባ አዳራሽ ኋላ የተቀመጠ ሰው የትኛው እንደተነገረ ከዐውዱ ከመገመት በቀር ምርጫ አይኖረውም። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መምህሩ ቢጮኽ ቃሉም ሸፋኙም እኩል ይጨምራሉ፤ መሣሪያ ቢጮኽለትም ውጤቱ ያው ነው።

ሳቢን አዳራሾችን ሲለካ፣ የሰውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ጥበብ በሌላ መስክ፣ በስልክ፣ እያደገ ነበር። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 ስልክን ካሳየ በኋላ፣ ኤሚል በርሊነር፣ ቶማስ ኤዲሰንና ዴቪድ ኤድዋርድ ሂዩዝ በየፊናቸው በ1877 እና በ1878 ድምፅን የተሻለ የሚቀበል መሣሪያ ሠሩ። ከእነዚህ ሥራዎች የተገኘው የካርቦን ማይክሮፎን ከስስ ሽፋን በስተኋላ የታጨቀ የከሰል ፍሬ ያለው ሲሆን፣ ድምፅ ሽፋኑን ሲገፋው ፍሬዎቹ ስለሚጠባበቁ በመካከላቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከድምፁ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ለስልክ ብቁ ቢሆንም አንድ ሙሉ አዳራሽ ለማሰማት የሚበቃ ጉልበት አልነበረውም፤ ያንን ጉልበት ያስገኘው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ኦዲዮን ብሎ የሠራው የቫኪዩም ቱቦ፣ ማለትም ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት አጎልብቶ የሚያወጣ የመስታወት አምፖል መሰል መሣሪያ ነበር። የስልክ ዕቃ አምራች በሆነው በዌስተርን ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ሃሮልድ አርኖልድ ቱቦውን አሻሽሎ አስተማማኝ ካደረገው በኋላ፣ በ1915 የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኝ የስልክ መስመር ተከፈተ።

በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ የዴንማርክ ተወላጁ ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦን ከቀንድ ጋር አጣምረው ብርቱ ድምፅ ማጉያ ሠሩ። በታኅሣሥ 1915 መጨረሻ ሕመም ከቤት ያዋለው የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሃይራም ጆንሰን፣ ከቤቱ በስልክ ሽቦ የተናገረው ንግግር በሳን ፍራንሲስኮ አዳራሽ ለተሰበሰበው ሕዝብ በእነርሱ መሣሪያ ተሰማ። በመስከረም 1919 ደግሞ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በሳን ዲዬጎ ስታዲየም ወደ 50,000 ለሚገመት ሕዝብ ከመስታወት ክፍል ውስጥ ቆሞ ተናገረ። በኅዳር 11 ቀን 1921 በአርሊንግተን ያልታወቀው ወታደር ሲቀበር የተደረገውን ንግግር በስልክ መስመርና በድምፅ ማጉያ አማካይነት በኒው ዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰበ ሕዝብም አብሮ አዳመጠው። መሣሪያው ስሙን ያገኘው በአደባባይ ነው፤ ከገላጣ ሜዳ ይልቅ በግድግዳ ወደ ታጠረው ትምህርት አዳራሽ መግባት ግን ይበልጥ አስቸጋሪ እንደሚሆን ያን ጊዜ የተረዱት ጥቂቶች ነበሩ።

የካርቦን ማይክሮፎን ሲሠራ የሚያሰማው የማያቋርጥ ሽሽታ ለረጅም ማዳመጥ አይመችም ነበር። ኤድዋርድ ዌንት በ1916 የሠራው የኮንዴንሰር ማይክሮፎን ይህን ጉድለት አስወገደ፤ በእርሱ ውስጥ በኤሌክትሪክ የተሞላ ስስ ብረት ከሌላ ብረት ትይዩ ተወጥሮ ስለሚርገበገብ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ይኸው ዌንት ከአልበርት ቱራስ ጋር በ1931 ያወጣው ዳይናሚክ ማይክሮፎን ደግሞ ጥቅል ሽቦን በማግኔት ውስጥ በማንቀሳቀስ የሚሠራ፣ ከውጭ ኤሌክትሪክ የማይፈልግና መውደቅን የሚቋቋም ስለነበር፣ በየአዳራሹ በየቀኑ ለሚነካካ ዕቃ ተስማሚ ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቨርን ክኑድሰን፣ ተናጋሪ ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት እያነበበ አድማጮች የሰሙትን እንዲጽፉ በማድረግ በትክክል የተጻፈውን በመቶኛ የሚያሰላ ፈተና በልዩ ልዩ አዳራሾች አካሄደ። ትርጉም የለሽ ቀለማት የተመረጡት አድማጩ ከዐውድ ገምቶ እንዳይሞላ ነው። በ1929 ባሳተመው ጥናት የንግግር ተሰሚነት በአራት ነገሮች፣ በድምፁ ጉልህነት፣ በማስተጋባት፣ በሁካታና በአዳራሹ ቅርጽ እንደሚወሰን፣ ሁሉም በተመቸ ሁኔታ ሲገናኙ እንኳ ከ96 በመቶ እንደማያልፍ አሳየ። ከሁሉ በላይ ለማይክሮፎን ታሪክ የሚጠቅመው፣ አራቱ ነገሮች እርስ በርስ የሚባዙ መሆናቸው ነው፤ አንዱ ዝቅ ካለ ሌላው ቢያድግም ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ አይክሰውም። ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክለው ከአራቱ አንዱን፣ ጉልህነትን ብቻ ነው፤ እሱም 70 ዴሲቤል ገደማ ከደረሰ በኋላ ጭማሪው ለተሰሚነት የሚሰጠው ጥቅም ይቆማል። የሳቢን ትምህርት በዚህ መልክ በቁጥር ተደግሞ ቢጻፍም፣ አዳራሽ አሠሪዎች ከግድግዳ ይልቅ መሣሪያ መግዛት ስለሚቀላቸው ከዚያ በኋላም በተደጋጋሚ ተዘንግቷል።

ሌላው እንቅፋት በዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ አብሳሎን ላርሰን ስም የሚጠራው ክስተት ነበር። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ሲገባ፣ እንደገና ጎልቶ ይወጣል፤ ዙሩ በሚቀጥልበት ጊዜም አዳራሹ ጆሮ በሚሰነጥቅ ፉጨት ይሞላል። መምህሩ ከማይክሮፎኑ በራቀ መጠን መሣሪያው ከፍ መደረግ ስላለበት ፉጨቱ ይቀርባል፤ በመሆኑም መምህሩ ከመድረክ ጠረጴዛው ጋር ተጣብቆ እንዲቆም ተገደደ፤ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ዞሮ ሲጽፍም ድምፁ ይጠፋ ነበር። መፍትሔ ከቀረቡት ሥራዎች ዋነኛው በ1939 የሹር ኩባንያ ያወጣው ዩኒዳይን ማይክሮፎን ነው። መሐንዲሱ ቤንጃሚን ባወር በማይክሮፎኑ ጀርባ መግቢያ ቀዳዳ ከፍቶ ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ዘግይቶ ከሽፋኑ ሁለት ወገን እኩል እንዲደርስና እርስ በርሱ እንዲጣፋ ስላደረገ፣ መሣሪያው የፊቱን ሰምቶ የኋላውን የሚተው፣ የመስማት ስፋቱም የልብ ቅርጽ ያለው ሆነ።

በ1937 በብሪታንያ ጆሴፍ ፖሊያኮፍ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ያን ጊዜ ብዙ ትኩረት ባያገኝም ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ ነበር። በአዳራሹ ዙሪያ በሚዘረጋ ሽቦ የማይክሮፎኑ ምልክት ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ መስማት የሚያዳግተው ሰው በጆሮው ያደረገው መሣሪያም በውስጡ ባለች ትንሽ ጥቅል ሽቦ ያንን መስክ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። ቃሉ በአየር ስለማይጓዝ ማስተጋባትም ሆነ ሁካታ አይነካውም። ይህ ዘዴ አዳራሹን በድምፅ ከመሙላት ይልቅ ለአንድ ጆሮ የጠራ ቃል ማድረስን ዓላማው ያደረገ ሥራ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በ1944 ባወጣው ሕግ አማካይነት ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች በብዛት ወደ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1947 ወደ ኮሌጅ ከገቡት ተማሪዎች 49 በመቶው የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ለዚህ ሁሉ ተማሪ በቂ መምህር ስላልነበረ አዳራሾች ሰፉ፤ ማይክሮፎንም ከክብረ በዓል ዕቃነት ወደ ዕለታዊ የማስተማሪያ መሣሪያነት ተሻገረ። አዳራሽ ሲሰፋ ግን አዲስ ጉዳት መጣ። በኤሌክትሪክ የሚጓዘው ምልክት በቅጽበት ወደ ኋለኛው ድምፅ ማጉያ ሲደርስ፣ የመምህሩ የራሱ ድምፅ 17 ሜትር በአየር ለመጓዝ የሴኮንድ አንድ ሃያኛ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ኋላ ያለው ተማሪ ቃሉን መጀመሪያ ከአጠገቡ ካለው ድምፅ ማጉያ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ከመድረኩ እየሰማ ይደናገራል።

የዚህን እንቆቅልሽ መፍቻ ያገኘው በጀርመን የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሄልሙት ሃስ ነው። በ1949 ባቀረበውና በ1951 በታተመው የዶክትሬት ጥናቱ፣ አንድ ድምፅ ከሁለት ስፍራ ሲመጣ ጆሮ ምንጩን የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው እንደሆነ አረጋገጠ። ሁለተኛው ከ30 ሚሊሴኮንድ (አንድ ሚሊሴኮንድ የሴኮንድ አንድ ሺኛ ነው) ባልበለጠ ጊዜ ከዘገየ፣ እስከ 10 ዴሲቤል ያህል ቢበረታ እንኳ አድማጩ ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑን አያስተውልም፤ የሚያስተውለው ቃሉ መጉላቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ኋለኛው ድምፅ ማጉያ የሚሄደውን ምልክት የመምህሩ ድምፅ በአየር ከሚፈጅበት ጊዜ በጥቂቱ አስበልጦ ማዘግየት ይበቃል፤ ተማሪው ከጎኑ ባለው መሣሪያ እየታገዘ ዓይኑና ጆሮው በመምህሩ ላይ ይሆናሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ይህ ሐሳብ ሥራ ላይ ሲውል፣ ምልክቱን የሚያዘገየው ድምፁን በሚሽከረከር መግነጢሳዊ ጎማ ላይ እየቀዳ ከጥቂት ርቀት በኋላ የሚያነብ መሣሪያ ነበር። ረጃጅም እንደ ዓምድ የቆሙት ድምፅ ማጉያዎችም ድምፁን ወደ ጣሪያ ሳይበትኑ በሕዝቡ ደረጃ ያሰራጩት ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር በአንድ ቁጥር የሚፈጽመው ይህ ማዘግየት በያኔው ዐቅም ታላቅ የእጅ ሥራ ነበር።

የሚቀጥሉት 20 ዓመታት መምህሩን ከጠረጴዛው ያላቀቁት ናቸው። በ1953 ሹር ቫጋቦንድ የተባለ በሬዲዮ የሚሠራ ገመድ አልባ ማይክሮፎን ለገበያ አቀረበ፤ በ1957 ደግሞ የጀርመኑ ዜንሃይዘር ከሰሜን ጀርመን የሬዲዮ ጣቢያ ጋር ሆኖ ተመሳሳይ መሣሪያ አወጣ። በ1962 በቤል ቤተ ሙከራ ጌርሃርድ ሴስለርና ጥቁር አሜሪካዊው ጄምስ ዌስት የኤሌክትሬት ማይክሮፎንን ፈጠሩ፤ ይህ በኮንዴንሰር ማይክሮፎን መርሕ የሚሠራ ሆኖ፣ የኤሌክትሪክ ሙላቱን ከውጭ መቀበል ሳያስፈልገው በቴፍሎን ስስ ሽፋን ላይ ለዘለቄታው ይዞ የሚኖር ነው። በዚህም ምክንያት ማይክሮፎን በሸሚዝ ኮሌታ ላይ የምትሰካ፣ ዋጋዋም ማንኛውም ትምህርት ቤት የሚደፍረው ትንሽ ዕቃ ሆነች። በዚያው ቤተ ሙከራ ማንፍሬድ ሽሮደር ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውን ድምፅ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በሴኮንድ የሚርገበገብበትን ቁጥር፣ ወደ 5 ኸርዝ ገደማ በማዛወር የላርሰን ዙር በአንድ ድምፅ ላይ ተደጋግሞ እንዳይከማች የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ።

የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ከ1961 እስከ 1963 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ለጀማሪ ተማሪዎች የሰጠው የፊዚክስ ትምህርት በቴፕ ተቀድቶ ነበር፤ ሮበርት ሌይተንና ማቲው ሳንድስም ከቅጂው ተነሥተው በዓለም ዙሪያ የሚነበቡትን መጻሕፍት አዘጋጁ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የአዳራሽ ማይክሮፎን አዳራሹ ውስጥ ለሌለው ሰውም መሥራት ጀመረ ማለት ይቻላል፤ በ1971 ማስተማር የጀመረው የብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማሠራጨትን መደበኛ ሥራው አደረገው።

በትናንሽ ክፍሎች ውስጥ የተከናወነው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ከ1977 እስከ 1980 በአሜሪካ በደቡባዊ ኢሊኖይ በተካሄደ ጥናት የመምህራን ድምፅ በገመድ አልባ ማይክሮፎንና በክፍሉ ውስጥ በተተከሉ ድምፅ ማጉያዎች በ10 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ሲደረግ፣ መጠነኛ የመስማት ችግር ያለባቸው ልጆች የንባብ ትምህርት ተሻሻለ። ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ልዩ እገዛ ከሚያገኙበት አሠራር ጋር ሲነጻጸርም ወጪው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የመምህራኑ ጉሮሮም ተጠና፤ በ2004 የወጣ በአሜሪካ በአይዋና በዩታ የተደረገ ጥናት፣ በተጠየቁበት ወቅት የድምፅ ሕመም ያለባቸው መምህራን 11 በመቶ፣ ከሌላ ሙያ የተውጣጡት ሰዎች ግን 6.2 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ የታመሙት ሲቆጠሩ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 57.7 እና ወደ 28.8 በመቶ ይወጣል። ድምፅ ማጉያ ለተማሪው ምቾት ብቻ የተሠራ አድርጎ ማየት የመምህሩን የዕድሜ ልክ ድካም መርሳት ነው።

ይህ ሁሉ ጥቅም ታይቶ እንኳ የድምፅ ሊቃውንት በጉዳዩ አንድ አልነበሩም። በ2002 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ እስከ 283 ሜትር ኪዩብ የሚደርስ ይዘት ባለው የመማሪያ ክፍል የማስተጋባት ጊዜ ከ0.6 ሴኮንድ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ያለው ሁካታም ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ደነገገ። በ2004 ደግሞ የአሜሪካ አኩስቲክስ ማኅበር በትናንሽ መደበኛ ክፍሎች ድምፅ ማጉያን እንደ ተለመደ አሠራር መጠቀምን እንደማይመክር አስታወቀ፤ ምክንያቱም ክፍሉ መጀመሪያ ጸጥ ያለና የማያስተጋባ ሆኖ ከተሠራ የመምህሩ ድምፅ ብቻውን ስለሚበቃ፣ ካልተሠራ ግን መሣሪያው ጉዳቱን ከማስተካከል ይልቅ ስለሚያጎላው ነው። አቋሙ ትክክል ነው፤ ቢሆንም አዲስ ክፍል የማይሠራለት መምህር ዛሬ ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ አይሰጥም።

በዚያው 2004 በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ይህን ጉዳይ በሌላ ገጽ አሳየ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀውና በሳተላይት የተሠራጨው ትምህርት በአገሪቱ ክፍሎች በተተከሉ ስክሪኖች ሲታይ፣ ለብዙ ተማሪዎች የትምህርቱ ዋና ድምፅ ከመምህሩ አፍ ወደ መሣሪያው ተዛወረ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ወይም የተማሪው ቁጥር በዝቶ ክፍሉ ሲጨናነቅ፣ የክፍሉ መምህር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ይደግማል፣ ቆም ይላል፤ በስክሪኑ የሚናገረው ግን ተማሪው ይስማ አይስማ ማወቅ ስለማይችል ይቀጥላል። ድምፅ ወደ ክፍሉ የገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር።

ተማሪው አድማጭ ብቻ ሳይሆን ተደማጭም እንዲሆን የተደረገው ጥረት ዘግይቶ የመጣው በዓለም ሁሉ ነው። ለረጅም ዘመን ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ቃሉን ከፊት ያለው መምህር ሰምቶ በማይክሮፎን ካልደገመለት በቀር፣ በኋላ የተቀመጡት የሚሰሙት መልሱን ብቻ ነበር። አዳራሹን በሙሉ የሚያካልል የእጅ ማይክሮፎን ማዞር ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ በ2010ዎቹ በፊንላንድ የወጣው ካችቦክስ የተባለ ማይክሮፎን በለስላሳ ስፖንጅ ተሸፍኖ ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተወረወረ የሚያገለግል በመሆኑ ይህን አስቀረ። የሬዲዮ ሞገድም እየጠበበ መጣ፤ የአሜሪካ መንግሥት ለተንቀሳቃሽ ስልክ ሲል በ700 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ገመድ አልባ ማይክሮፎኖች እስከ ሰኔ 12 ቀን 2010፣ በ600 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት ደግሞ እስከ ሐምሌ 13 ቀን 2020 ከሞገዱ እንዲወጡ ስላዘዘ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ገና የሚሠራ መሣሪያቸውን ጣሉ።

ሁለተኛው ቀነ ገደብ የደረሰው ኮቪድ 19 ክፍሎችን በዘጋበት ወቅት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች እንደገና ሲከፈቱ ከተማሪው ከፊሉ በአዳራሽ፣ ከፊሉ በቤቱ ሆኖ እንዲማር ስለተደረገ፣ በጣሪያ ላይ የሚሰቀሉ ማይክሮፎኖች ተፈላጊነታቸው ጨመረ። በአንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ውስጥ የተደረደሩ በርካታ ጥቃቅን ማይክሮፎኖች የሚቀበሉትን ድምፅ ኮምፒውተር በጥቂት ጊዜ ልዩነት እያዘገየ ሲደምረው፣ ከተወሰነ አቅጣጫ የመጣው ይጠነክራል፣ የሌላው ይደክማል። ተማሪው ማንኛውም መቀመጫ ላይ ሆኖ ሳይነሣና ምንም ነገር ሳይጨብጥ የጠየቀው ጥያቄ በሌላ ከተማ ያለ ሰው ዘንድ ጥርት ብሎ ይደርሳል። ነገር ግን ያንኑ ድምፅ እዚያው አዳራሽ ባሉ ድምፅ ማጉያዎች ማውጣት የላርሰንን ፉጨት ስለሚያመጣ፣ በመጀመሪያዎቹ አተካከሎች ጥያቄው ከአዳራሹ ኋለኛ ረድፍ ይልቅ ሩቅ አገር ላለ አድማጭ የሚሰማ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማስተካከል የሚሠራበት ዘዴ አዳራሹን በክልል በክልል መክፈል ሲሆን፣ ከግራ በኩል የተቀበለው ድምፅ ከግራው ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በቀኝና በኋላ በኩል ካሉት ብቻ፣ በሃስ ልክ ዘግይቶና በመጠኑ ጎልቶ እንዲወጣ ይደረጋል። ጉልበቱም አድማጩ መሣሪያ እንዳለ እስከማያውቅ ድረስ ዝቅ ተደርጎ፣ አንዲት ተማሪ ከመቀመጫዋ በለሆሳስ የጠየቀችውን የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ከእሷ አፍ እንደሰሙት ሆኖ ይደርሳቸዋል።